«ባረቀብኝ»

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር፤ ለመጽሔቱ በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ)



የዝግጅት ኮሚቴው «አንድ ነገር ተናገርልን» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ንግድ ፈቃድ ወይም ስለ ግብር እንድናገር አስቦ እንደ ነበር ይገባኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያወቁኝ ሰዎች ሌላ ነገር ያውቃል ብለው አይገምቱም። እኔ ግን «ስለ መሣሪያ ልናገር» አልሁ። ኮሚቴው ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ሰብሳቢያችን «ጋሼ፣ በበዓል ቀን?» አሉኝ። አዎን፣ በበዓል ቀን። ሁላችንም በአንድ አዳራሽ የምንሰበሰበው በበዓልና በለቅሶ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህን ነገር ደግሞ በለቅሶ ቀን መናገር አልፈለግሁም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የመጣሁት «መሣሪያ ይዛችሁ አትገኙ» ለማለት አይደለም። እንዲያ ብል የሚሰማኝ የለም፤ እኔ ራሴም አልሰማውም። በዳላስና በፎርት ወርዝ ዙሪያ ከምንኖረው ወገኖች መካከል ብዙዎቻችን ሥራችን የሌሊት ነው። የቤንዚን ማደያና ሱቅ እስከ እኩለ ሌሊት የሚጠብቅ አለ፤ ታክሲ የሚነዳ አለ፤ የመኪና ማቆሚያ የሚቆጣጠር አለ። «ከመካከላችሁ ተዘርፎ የማያውቅ ባለ ሱቅ እጁን ያውጣ» ብል ብዙ እጅ አላይም። ስለዚህ ሽጉጥ የገዛ ሰው ለምን እንደ ገዛ አውቃለሁ። የምናገረው ከሌባው ስለሚመጣው ጥይት ሳይሆን ከራሳችን እጅ ስለሚወጣው ነው። የምናገረውም መሣሪያ ለማያውቀው ሰው አይደለም። እሱ ይፈራል፣ አይነካም። የምናገረው ለሚያውቀው ነው። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምጠራ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ነገሩ የሆነው በዚህ አገር ስለሆነ ነው።)

እኛ ከመሣሪያ አገር የመጣን ሰዎች ነን። አያቶቻችን በ1896 አድዋ ላይ የተዋጉበትን ጠመንጃ ውጅግራ፣ ስናድር እያሉ፣ ከዚያም ወዲህ ምንሽር፣ ዲሞትፈር፣ ቤልጅግ እያሉ የፈረንጁን የፋብሪካ ስም እስኪጠፋ ድረስ አማርኛ አድርገውታል። በጎጃምና በጎንደር ገጠር ለሠርግ ይተኮሳል፣ ለለቅሶም ይተኮሳል። አባቴ አንድ ምንሽር ነበረው። ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ እኛ ልጆቹ ዓይናችንን እንጂ እጃችንን አናሳርፍበትም። ጥይቱ ግን ከጠመንጃው ጋር አይቀመጥም ነበር። እናቴ በሣጥኗ ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን በአንገቷ አስራ ትይዘዋለች። ያን ጊዜ ለቁጠባ ይመስለኝ ነበር፤ ጥይት ውድ ነውና። ዛሬ የዚህ አገር አስተማሪዎች «መሣሪያውን ለብቻ፣ ጥይቱን ለብቻ፣ ሁለቱንም በቁልፍ» ሲሉ ስሰማ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች።

እኔ ደግሞ በደርግ ዘመን ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምዬ ብር ሸለቆ ሠልጥኛለሁ። ክላሽ ዓይኔን በጨርቅ ታስሬ እፈታና እገጥም ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ስትሰሙ «ምን ዓይነት የማያውቅ ሰው ነው» እንዳትሉኝ ነው።

በ2017 አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የብር ሸለቆ ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ ከሌላ ከተማ መጣ። ጋርላንድ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ተቀምጠናል። ባለቤቴ ወጥ ቤት ቡና ትቆላለች። በዚያ ሰሞን ለሱቅ ብዬ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ገዝቼ ነበርና ላሳየው አወጣሁ። የሁለት አሮጌ ወታደር ወግ ታውቁታላችሁ፤ «ይህማ መጫወቻ ነው፣ ላስቲክ ነው» አለኝ፤ «ቆይ ፈትቼ ላሳይህ» አልሁት። ሽጉጡን አቀባበልሁ። ከውስጡ አንድ ጥይት ፈንጠር ብሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ጓደኛዬ አነሣውና ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ከዚያ ካዝናውን አወጣሁ። ሁለታችንም አየን፤ ካዝናው ወጥቷል፣ ጥይቱም ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ባዶ ነው። ይህ ዓይነቱ ሽጉጥ ሲፈታ አስቀድሞ ቃታው መሳብ አለበት፤ አሠራሩ ነው። ሳብሁት።

ሜዳ ላይ የሚተኮስ ጥይትና ቤት ውስጥ የሚተኮስ ጥይት አንድ አይደለም። ጆሮዬ ጭው አለ። ጓደኛዬ ደረቱንና ሆዱን በሁለት እጁ ይዳስሳል። ባለቤቴ የቡናውን ምጣድ እንደ ያዘች ከወጥ ቤት ወጣችና «ማን ሞተ?» አለች። ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ማንም አልሞተም። ጥይቱ የሳሎኑን ግድግዳ በስቶ ወደ ልጄ ክፍል ገባ። የዚህ አገር የውስጥ ግድግዳ ግድግዳ አይደለም፤ ሁለት ቀጭን ሺትሮክና በመካከሉ አየር ነው። ጥይቱ የጥናት ጠረጴዛዋን ወንበር በላዩ አልፎ መጻሕፍት መደርደሪያዋ ውስጥ ቀረ። ልጄ ያን ጊዜ 9 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ ነበር በዚሁ በእኛው ማኅበር የአማርኛ ትምህርት ላይ ነበረች። ማኅበሩ ምን ጠቀመን የሚል ሰው ካለ፣ እኔን የጠቀመኝ ይህን ነው።

እንግዲህ ስሕተቱ ምን ላይ እንደ ሆነ የገባችሁ ትኖራላችሁ። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ካዝናው በውስጡ እያለ የተቀባበለ ሽጉጥ አንዱን ጥይት ሲተፋ ሌላውን ይጎርሳል። ምንጣፉ ላይ የወደቀው ጥይት «ባዶ ነኝ» የሚል ምስክር መስሎን ነበር፤ ሥፍራውን ሌላው ወርሶታል። አስቀድሞ ካዝናውን ማውጣት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ማቀባበል፣ ከዚያም የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይን ማየት፣ በትንሽ ጣትም መዳሰስ ነው የሚገባው። ይህን ብር ሸለቆ ተምሬዋለሁ። አላወቅሁትም ልል አልችልም። እጄ ያውቀዋል፤ በዚያች ደቂቃ ግን አፌ ወግ ያወራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ከተኩሱ ይልቅ ያሳፍረኛል። ከጓደኛዬ ጋር «ለሰው አይነገርም» ተባባልን። በሳሎኑ በኩል ቀዳዳው ላይ የላሊበላን ሥዕል ሰቀልሁ። በልጄ ክፍል በኩል ደግሞ ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ ገዝቼ ለጠፍሁ። ልጄ መጥታ አየችና «አባዬ፣ ካርታ ለምን ገዛህልኝ?» አለችኝ። «አገርሽን እንድታውቂ» አልኋት።

ያ ካርታ ዓመታት እዚያ ተለጥፎ ኖረ። በኋላ ቤቱን ቀለም ስንቀባ እሷው ራሷ አነሣችው። «ይህ ምንድን ነው?» አለች። ሁለተኛ ልዋሻት አልቻልሁምና ነገርኋት። ወንበሯን ወደ ድሮው ቦታ ሳበችና ተቀመጠች፤ ቀዳዳውንም በእጇ ከራሷ ጋር ለካች። «ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ...» አለች፤ አልጨረሰችውም። ዛሬ ይህን የምናገረው በእሷ ፈቃድ ነው።

እስቲ ስለ አማርኛችን ጥቂት ልበል። እኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስብን «ጥይት ባረቀብኝ» እንላለን። ቃሉ ከመብረቅ ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል። ከሰማይ እንደሚወርድ ነገር ነው። «ዘነበብኝ»፣ «መሸብኝ»፣ «ወተቱ ገነፈለብኝ» እንደምንለው ነው፤ ሠሪው ዝናቡ፣ ወተቱ፣ ሽጉጡ ነው፤ እኔ ተበዳይ ነኝ። ጓደኛዬም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ያች ሽጉጥ ባረቀችብህ» ነው የሚለኝ፤ ለእኔ ብሎ። በዚህ አገር ያሉ የተኩስ አስተማሪዎች ግን ነገሩን ለሁለት ይከፍሉታል። መሣሪያው ተበላሽቶ በራሱ ጊዜ ሲተኩስ ድንገተኛ ይሉታል፤ ጣት ቃታ ላይ ኖሮ ሲተኮስ ደግሞ የቸልተኝነት ተኩስ ይሉታል። የእኔዋ ሽጉጥ አልባረቀችም። ቃታዋን ሳብሁት፣ እሷም የተሠራችበትን ሥራ ሠራች።

መሣሪያው የሚበላሽበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። እዚሁ ደጃችን በ2017 የዳላስ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ሲግ ሳወር ፒ 320 የተባለው ሽጉጥ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል በሚል ሥጋት ፖሊሶቹ እንዳይዙት አግዶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ፋብሪካው የሸጣቸውን ሽጉጦች ያለ ክፍያ እንደሚያሻሽል አስታወቀ። ከዚያ ቀደም በ2014 ሬሚንግተን 700 የተባለውን የአደን ጠመንጃ የሠራው ኩባንያ በቃታው ጉድለት ምክንያት ብዙ ጠመንጃ መልሶ ጠርቷል። ስለዚህ ያገለገለ መሣሪያ ከሰው የገዛችሁ ካላችሁ ፋብሪካው ማስጠንቀቂያ አውጥቶበት እንደ ሆነ በተራ ቁጥሩ አጣሩ። ይሁንና አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት የዞረ መሣሪያ ቢበላሽም መሬት ነው የሚመታው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። አዋቂ ሰው ለምን ይሳሳታል? እኔ ብቻ ሞኝ ሆኜ ይሆን ብዬ ብዙ ጠየቅሁ፣ ብዙም አነበብሁ። ብቸኛው ሞኝ እንዳልሆንሁ አገኘሁ፤ መጽናናት ግን አልሆነኝም።

በ2004 በፍሎሪዳ ግዛት ኦርላንዶ ከተማ አንድ የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መኮንን ለሕፃናትና ለወላጆች ስለ መሣሪያ አደገኛነት ያስተምር ነበር። በዚህ ክፍል ውስጥ ይህን ሽጉጥ ለመያዝ ሙያው ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ የሚል ቃል ተናግሮ ብዙም ሳይቆይ የገዛ ጭኑን መታ። ነገሩ በቪዲዮ ተቀርጾ ዓለም ሁሉ አየው፣ ሳቀበትም። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የላሊበላ ሥዕሌ ትዝ አለኝ።

በጃኑዋሪ 19 ቀን 2013 ደግሞ በአንድ ቀን በሦስት ግዛቶች የመሣሪያ ትርኢት ላይ አምስት ሰዎች ቆሰሉ። በሰሜን ካሮላይና ራሊ ከተማ አንድ ሰው በመግቢያው ላይ ለማስፈተሽ የጠመንጃውን ከረጢት ዚፕ ሲከፍት ባረቀ፤ ሦስት ሰዎችን መታ። በኦሃዮ አንድ ነጋዴ የገዛውን ሽጉጥ ሲመረምር ቃታውን ነካ፤ ጥይቱ ከወለሉ ነጥሮ ጓደኛውን አቆሰለ። በኢንዲያና ደግሞ ከትርኢቱ ወጥቶ ሽጉጡን ሲሞላ የነበረ ሰው የራሱን እጅ መታ። ወደ መሣሪያ ትርኢት የሚሄድ መሣሪያ የማያውቅ ሰው አይደለም።

እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ በፌብሩዋሪ 2006 ምክትል ፕሬዚደንት ዲክ ቼኒ በደቡቡ ክፍል ኬነዲ በተባለው አውራጃ ቆቅ ለማደን ወጥተው፣ ወፏን ተከትለው ሲዞሩ አብሯቸው የነበረውን የ78 ዓመት ጠበቃ ፊቱንና ደረቱን መቱት። ሰውየው ተረፈ። ቼኒ የረጅም ጊዜ አዳኝ ነበሩ። ጠመንጃቸው አልባረቀም፤ ከወፏ በስተጀርባ ማን እንዳለ ነው ያላዩት።

በ2021 በኒው ሜክሲኮ ፊልም ሲቀረጽ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለተዋናዩ ለአሌክ ባልድዊን ሽጉጡ ሲሰጠው «ባዶ ነው» ተብሎ ነበር፤ እውነተኛ ጥይት ወጥቶ የፊልም ቀራጭዋን ሃሊና ሃቺንስን ገደላት። ባልድዊን ቃታ አልሳብሁም ብሏል፤ ክሱም በ2024 ተዘጋ፤ የመሣሪያዎቹ ኃላፊ የነበረችው ሴት ግን ተፈርዶባት 18 ወር እስራት ተቀጣች። ለእኔ የሚቆረቁረኝ «ባዶ ነው» የምትለዋ ቃል ናት። ስንት እጅ ተቀባብሏት ነው ያለፈችው? «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» የሚል ተረት አለን፤ ባዶነቱን የሚያውቀው ያዡም ይፈራል፣ የማያውቀው ሌላውም ይፈራል ማለት ነው። ተረቱን ያወጡት ሰዎች ባዶ ጠመንጃን ፈርተው መኖራቸው ደግ ነበር። እኛ ነን መፍራቱን የተውነው።

የምክንያቱ ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ከሥራ ወደ ቤት በ635 ስትነዱ አንዳንድ ቀን የትኛውን መውጫ እንዴት እንዳለፋችሁ አታስታውሱም። እጅና እግር ነድቷል፤ ልብ ሌላ ቦታ ነበር። መሣሪያም እንዲሁ ነው። ጀማሪ ሰው ፈርቶ ቀስ ብሎ ያየዋል፤ የለመደ ሰው እጁ ይቀድመዋል። ሁለተኛው ምክንያት የእኛ የአበሾች ነው። ያወቅነው መሣሪያ ሌላ፣ እዚህ የምንገዛው ሌላ ነው። የክላሽ ሴፍቲ በጎኑ ላይ ያለ ትልቅ ብረት ነው፤ ሲዘጋ ይታያል፣ ሲከፈት ቀጭ ብሎ ይሰማል። ግሎክና እሱን የመሳሰሉት ሽጉጦች በጎናቸው የሚዘጋ ነገር የላቸውም፤ ሴፍቲው ቃታው ላይ ነው፤ ቃታው በተነካ ጊዜ ሴፍቲውም ይከፈታል። ጣትም ይሁን የልብስ ጫፍ ወይም የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። በ2008 ፕላክሲኮ ቡረስ የተባለው የታወቀ የእግር ኳስ (የአሜሪካኑን ማለቴ ነው) ተጫዋች ኒው ዮርክ በሚገኝ የምሽት ክበብ ውስጥ ያለ ማኅደር በሱሪው ጎን የሻጠው ግሎክ ሲንሸራተትበት ሊይዝ ሞከረ፤ ጭኑን መታው። ከዚያም ሕገ ወጥ መሣሪያ ይዘህ ተገኝተሃል ተብሎ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሽጉጥ ሲወድቅ አትቅለቡት። ዘመናዊ ሽጉጥ በአብዛኛው ቢወድቅ እንዳይተኩስ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የሚተኩሰው ሊቀልበው የሮጠው እጅ ነው። ሱሪና ኪስም ማኅደር አይደሉም፤ ቃታውን በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ግዙ።

የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር መኮንን የነበሩት ጄፍ ኩፐር በ1976 አሪዞና ውስጥ የተኩስ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ዛሬ በዚህ አገር ብዙ አስተማሪዎች የሚያስተምሯቸው አራት ትእዛዛት የእርሳቸው ናቸው። ማንኛውም መሣሪያ ሁልጊዜ የተሞላ ነው ብለህ ያዘው፤ አፈሙዙን ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር፤ ዒላማህን እስክታይ ጣትህን ቃታ ላይ አታሳርፍ፤ ዒላማህንና ከበስተጀርባው ያለውን እወቅ ይላሉ። ከአንድ በላይ የሆኑትን በአንድ ጊዜ ካልጣሳችኋቸው በስተቀር ሰው አይሞትም ማለት ይቻላል። እኔ በዚያ ቅዳሜ ሦስቱን ጥሻለሁ። አፈሙዙ ወደ ልጄ ክፍል ዞሮ ነበር፤ ግድግዳ ስላየሁ ከበስተጀርባው ያለ ነገር መኖሩን ረሳሁ።

አሁን ወደ ልጆች ልምጣ፤ እዚህ ላይ እባካችሁ ጠለቅ ብላችሁ ስሙኝ። የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል በ2023 ያወጣው ጥናት ከ2003 እስከ 2021 በመሣሪያ አደጋ የሞቱ 1,262 ሕፃናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶችን ጉዳይ መርምሯል። ከ100 85ቱ የሞቱት ቤት ውስጥ ነው። ከ100 74ቱ አደጋ የደረሰው ተሞልቶ በተቀመጠ መሣሪያ ነው፤ ከ100 76ቱ ደግሞ ባልተቆለፈ መሣሪያ ነው። ልጆቹ መሣሪያውን በብዛት ያገኙት የት ይመስላችኋል? ከአልጋ አጠገብ ካለች መሳቢያና ከመኝታ ቦታ ነው። ከተኳሾቹም ሦስት እጅ ሁለቱ በመሣሪያው የሚጫወቱ ወይም ለሌላ ሰው የሚያሳዩ ነበሩ። እኔም ለጓደኛዬ እያሳየሁ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን 51 ዓመቴ ነው።

የእኛን ቤት እናስበው። ክርስትና ወይም ልደት ሲሆን እንግዳ ሁሉ ካፖርቱንና ቦርሳውን የሚያኖረው መኝታ ቤት አልጋ ላይ ነው። ልጆቹ ደግሞ ትልልቆቹ ሳሎን ስለ ሞሉት የሚጫወቱት እዚያው መኝታ ቤት ነው። ከሱቅ በቀጥታ የመጣችው እኅታችን ቦርሳ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ለእንግዳ «ጫማህን አውልቅ» እንላለን እንጂ «መሣሪያ ይዘሃል ወይ?» ማለት ነውር ይመስለናል። ነውር አይደለም። እኔ አሁን እጠይቃለሁ። የተቀየመኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ይዞ ነበር።

ልጅ ለሌለው ሰውም ቁልፍ ያስፈልገዋል። ጭንቀት የያዘው ወንድም፣ በስደት ብቸኝነት የከፋው ወጣት በየቤታችን ያድራል። ስለዚህ ነገር ማውራት አንወድም፤ ከአንድ ክፉ ሌሊት የሚያሳልፈው ግን አንዳንድ ጊዜ ቁልፍ መኖሩ ብቻ ነው። 988 ብሎ በማንኛውም ሰዓት መደወል እንደሚቻልም ለሁላችሁም ይታወቅ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ልናገር፤ ጠበቃ ስላልሆንሁ ዝርዝሩን ከጠበቃ ጠይቁ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በቴክሳስ 21 ዓመት የሞላውና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ መያዝ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሕግ ቀረ» ብሎ ነው የተረዳው። አልቀረም፤ የቀረው ፈቃድ የማውጣትና ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠውን ትምህርት የመውሰድ ግዴታ ነው። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የተሞላ መሣሪያ እንዲያገኝ በቸልተኝነት የተወ ሰው ወንጀለኛ ነው፤ ልጁ ተኩሶ ሰው ከሞተ ወይም በጽኑ ከቆሰለ እስከ አንድ ዓመት እስራት ያደርሳል። ሕዝቡ ከ100,000 በማያንስ ከተማ ውስጥ በግዴለሽነት መተኮስም እንዲሁ እስከ አንድ ዓመት ያሳስራል፤ ዳላስ፣ ፎርት ወርዝ፣ አርሊንግተን፣ ጋርላንድ፣ ኧርቪንግ፣ ፕሌኖ ሁሉም ከዚህ በላይ ናቸው። በሠርግና በአዲስ ዓመት ሌሊት ወደ ሰማይ መተኮስ የሚያምራችሁ ይህን አትርሱ። በአገር ቤትም ቢሆን በ2012 ዓመተ ምሕረት በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የመሣሪያ ነገር በፈቃድና በቁጥጥር ሆኗል።

ከሁሉ የሚከፋው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የመጣ ዘመዳችሁ ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መሣሪያ መያዝ ጨርሶ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። «ና እስቲ አንድ ሁለት ተኩስ» ብላችሁ ወደ መተኮሻ ሜዳ ስትወስዱት ደግ የሠራችሁ ይመስላችኋል።

አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች የማውቀውን ታውቃላችሁ። በ2023 በዲ.ኤፍ.ደብሊው ፍተሻ ላይ 378 መሣሪያ በተሳፋሪዎች ቦርሳ ውስጥ ተገኝቷል፤ ከአትላንታ ቀጥሎ በአገሩ ሁለተኛ ነው። በመላው አገር ከተገኙት 6,737 መሣሪያዎች ከ100 93ቱ የተሞሉ ነበሩ። የሚሰጠው መልስም ባብዛኛው «ረስቼው ነው» ነው። የተሞላ ሽጉጥ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የሚረሳ ሰው መሣሪያ የማያውቅ አይደለም፤ ከመላመዱ የተነሣ ክብደቱ የማይሰማው ሰው ነው።

ከዚያው ከአውሮፕላን ነገር አንድ ልጨምርና ላብቃ። በዚህ አገር ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሠሩትን ስሕተት ወይም ለጥቂት ያመለጡትን አደጋ ስማቸው ሳይገለጥ ለናሳ የሚጽፉበት ሥርዓት አለ። ማንም ያልተጎዳበትን ስሕተት ነው በብዛት የሚጽፉት። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ለሌሎች ይዳረሳል። እኛ ግን ማንም ያልተጎዳበትን ስሕተት በላሊበላ ሥዕል እንሸፍነዋለን። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ለሦስት የቅርብ ጓደኞቼ የራሴን ነገርኋቸው። ሁለቱ ዝም ብለው ቆይተው «እኔም እኮ...» አሉ። አንደኛው የመኪናውን በር፣ ሁለተኛው የሱቁን የገንዘብ መሳቢያ ነው የመታው። አሥር ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የምንገናኝ ሰዎች ነን። ሁለተኛው በዚያው መሳቢያ ላይ እጁ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ጣት አይኖረውም ነበር፤ እኔም ቀድሜ ብነግረው ኖሮ ምናልባት ካዝናውን አስቀድሞ ያወጣ ነበር። የእኔ ከእሱ በአንድ ዓመት ይቀድማል።

ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ አቅርቤያለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ አማርኛ ሲማሩ ወላጆች ዝም ብለን መኪና ውስጥ ከምንቀመጥ፣ በወር አንድ ጊዜ ፈቃድ ያለው አስተማሪ ተጋብዞ መሣሪያ ያላቸው አባላት አብረው ይማሩ። ባዶ እጃችሁን ትመጣላችሁ፤ መሣሪያ ወደዚህ አዳራሽ አይገባም።

በመውጫው በር በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ በሽቦ ገመድ የተሠሩ መቆለፊያዎች ተቀምጠዋል። ከ1999 ጀምሮ በየከተማው በፖሊስ ጣቢያዎች አማካይነት በነጻ ከሚታደሉት ዓይነት ናቸው። ገመዱ በመሣሪያው ውስጥ ያልፋል፤ ተቆልፎ እያለ ጥይት አይጎርስም። እያንዳንዱ ሁለት ቁልፍ አለው። ማንም ስማችሁን አይጠይቅም፣ አይመዘግብምም፤ ጠረጴዛው አጠገብ የምትቆመው ልጄ ናት።